«ወሎ» ስትሉ «ወ36» ከወጣ፦ ላፕቶፕ ኪቦርድ ውስጥ የተሸሸገውን የቁጥር ፓድ የመጠቀሚያ ዝርዝር መመሪያ

«ወሎ» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው «ወ36» ነው። «ሙሉ» ብላችሁ ሞከራችሁ፤ «0434» ሆኖ ቁጭ አለ። አብሽሩ፣ ኪቦርዱ አልተበላሸም። ቫይረስም አልገባም። ፊደሎቹ ላይ የተደረበው የቁጥር ፓድ፣ ማለትም ቁጥር በፍጥነት የሚጻፍበት የቁልፎች ስብስብ፣ በርቶ ነው።

ሰከንድ ሃንድ የቢሮ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገጥመዋል። የሚቸገረው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፓዱን ሳያውቅ አብርቶ ማጥፋት ያቃተው ነው። ሌላው ደመወዝ ወይም የተማሪ ውጤት ሊያስገባ ፈልጎ ማብራት ያቃተው ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማጥፋቱን ልመዱ። ማብራቱ ችግር የለውም። ብር የሚያስወጣው ማጥፋቱን አለማወቅ ነው። አንዳንድ ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ አንዳንዱ «ኪቦርዱ ይቀየር» ይላል። ፊደሉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ግን ኪቦርዱ ራሱ እንጂ ዊንዶውስ አይደለም። አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ላፕቶፓችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ።

ኪቦርዱን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ሦስት ዓይነት አለ።

ሀ) በቀኝ በኩል ለብቻው የቆመ የቁጥር ፓድ ያለው። ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያሉት ላፕቶፖች ናቸው። እናንተ የምትፈልጉት ደረጃ 4ን እና የችግሮቹን ክፍል ብቻ ነው።

ለ) ፓዱ ፊደሎቹ ላይ የተደረበበት። ዩ፣ አይ፣ ኦ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል እና ኤም ቁልፎች ላይ፣ ጥግ ላይ ወይም ወደ እናንተ በሚያየው ጎናቸው፣ ትንንሽ ቁጥሮች ታትመዋል። ይህ መመሪያ በዋናነት ለዚህኛው ነው።

ሐ) ሁለቱም የሌለው። አዳዲስ ትንንሽ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ የዛሬዎቹ ማክቡኮችም እዚሁ ይገባሉ። በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል እለፉ። የሌለ ፓድ በኤፍ ኤን (Fn) ቁልፍ አይበራም፤ ጣታችሁን አታድክሙ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የአማርኛ ፊደል ስቲከር የተለጠፈበት ኪቦርድ ከሆነ ትንንሾቹ ቁጥሮች ከስር ተሸፍነው ይሆናል። የኤም ቁልፍን ስቲከር ጥግ በጥፍራችሁ ትንሽ አንሱና እዩ። 0 ካለ ፓዱ አለ። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ የጠፋ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 2 ላይ ያለው ሙከራ ይነግራችኋል።

2. ሁለቱን ቁልፎች ፈልጉ።

የመጀመሪያው ኤፍ ኤን ነው። ከታች በግራ ጥግ፣ ከኮንትሮል አጠገብ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ፓዱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ነም ሎክ (Num Lock) ነው። ይሄኛው መደበቅ ይወዳል። አንዳንዱ ላይ ሙሉ ስሙ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ላይ በአጭሩ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቁጥር ያለበት የጓጉንቸር ሥዕል ብቻ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ከኤፍ11፣ ከኢንሰርት ወይም ከስክሮል ሎክ ጋር አንድ ቁልፍ ተጋርቶ ይቀመጣል። በቆዩት ቶሺባዎች ኤፍ11 ላይ ነው። በቆዩት ቲንክፓዶች ከስክሮል ሎክ ጋር ነው።

የጽሑፉን ቀለም ልብ በሉ። ነም ሎክ የሚለው የተጻፈው ኤፍ ኤን በተጻፈበት ቀለም ከሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መጫን የግድ ነው። እንደ ሌላው ፊደል ነጭ ከሆነ ብቻውን ይሠራል።

3. መለማመጃ ክፈቱ።

ኖትፓድ ክፈቱ። የአማርኛ መጻፊያውን አጥፉና ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። የደመወዝ ፋይል ላይ ወይም የፓስወርድ ሣጥን ውስጥ እንዳትለማመዱ። ፓስወርድ ሣጥን ነጥብ ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ምን እንደጻፋችሁ አታዩም።

ደረጃ 1፦ ማብራትና ማጥፋት

1. ኤፍ ኤንን ተጭናችሁ ያዙ። አትልቀቁት።
2. ነም ሎክን አንዴ ብቻ ነካ አድርጉ።
3. ሁለቱንም ልቀቁ።
4. ኖትፓዱ ላይ ጄን ተጫኑ። 1 ከወጣ በርቷል።
5. ያንኑ ድገሙ። ጄን ተጫኑ። ፊደሉ ከወጣ ጠፍቷል።

ነም ሎክን ሁለት ጊዜ መጫን ማብራትና መልሶ ማጥፋት ነው። «አልሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ስንቱ ጣቱ ፈጥኖበት ነው መሰላችሁ። ቀስ በሉ።

አምስቱን ነገሮች ሳታዩ መሥራት እስክትችሉ ደጋግሙ። ወደሚቀጥለው ደረጃ የምትሄዱት ማጥፋቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የነም ሎክ መብራት የላቸውም። ስለዚህ ዊንዶውስ ድምፅ እንዲያሰማ አድርጉት። ዊንዶውስ 11 ላይ ሰቲንግስ፣ ከዚያ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ኪቦርድ ግቡና ቶግል ኪስ የሚለውን አብሩ። ነም ሎክ ሲበራና ሲጠፋ የተለያየ ድምፅ ትሰማላችሁ። በስህተት ስትነኩትም ወዲያው ታውቃላችሁ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ምርጡ ማስተካከያ ይሄ ነው።

ደረጃ 2፦ የትኛው ቁልፍ የትኛው ቁጥር ነው?

ፓዱን አብሩና በዚህ ቅደም ተከተል ተጫኑ፦

ከላይኛው መስመር 7፣ 8፣ 9 — ያው 7፣ 8፣ 9 ይወጣል።
ዩ፣ አይ፣ ኦ — 4፣ 5፣ 6።
ጄ፣ ኬ፣ ኤል — 1፣ 2፣ 3።
ኤም — 0።

ስክሪኑ ላይ 7894561230 ከተነበበ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የነጥቧ ቁልፍ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

መደመሪያ፣ መቀነሻ፣ ማባዣና ማካፈያ የት እንዳሉ ግን ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። ከላይ 0፣ ከዚያ ፒ፣ ከፒ በታች ያለው ነጥብ ከሰረዝ እና ከታች ያለችው ዘንበል ያለች መስመር አራቱን ተከፋፍለው ይይዟቸዋል። አንድ በአንድ ተጭናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ፓዱ ሲበራ ከላይኛው መስመር ያለው 0 ዜሮ መሆኑን ይተዋል። ወደ ማባዣ ወይም ወደ ማካፈያ ምልክት ይለወጣል። ስልክ ቁጥር ስትጽፉ 09 ይሆናል ብላችሁ ኮከብና 9 ይወጣባችኋል። ፓዱ በርቶ እያለ ዜሮ ማለት ኤም ነው። ከላይ ወዳለው 0 አትሂዱ።

ደረጃ 3፦ የጣት አቀማመጥ

ቀኝ እጃችሁን እንዲህ አሳርፉ፦ ሌባ ጣት ዩ ላይ፣ መሐል ጣት አይ ላይ፣ የቀለበት ጣት ኦ ላይ። ቤታችሁ ይሄ ነው። ቁጥር ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወደዚሁ ተመለሱ።

ሌባ ጣት 7፣ 4፣ 1 እና 0ን ይወስዳል። መሐል ጣት 8፣ 5 እና 2ን። የቀለበት ጣት 9፣ 6 እና 3ን። ትንሿ ጣት ምልክቶቹን።

ለብቻው በቆመው ፓድ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይሳሳታል፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚህ ቁልፎቹ ቀጥ ብለው አይወርዱም። ከ7 ወደ ዩ፣ ከዩ ወደ ጄ፣ ከጄ ወደ ኤም ስትወርዱ ጣታችሁ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ነው መሄድ ያለበት። ሁለተኛ፣ በቆመው ፓድ ላይ በጣት የምትዳሰሰው ጉብታ 5 ላይ ናት። እዚህ ግን ጉብታዋ ጄ ላይ ናት፤ ጄ ደግሞ 1 ነው። በጉብታዋ ተመርታችሁ «5 ነኝ» ካላችሁ ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል።

ደረጃ 4፦ ኤክሴል ላይ ቁጥር ማስገባት

ኮምቦልቻ ያለ የእህል መጋዘን መዝገብም ይሁን ሐይቅ ያለ ትምህርት ቤት የውጤት ዝርዝር፣ ሥራው ያው ነው፦ ስም በአንድ ዓምድ፣ ቁጥር በሌሎቹ። ስምና ቁጥር እያፈራረቃችሁ አትሙሉ። «ሉባባ» ብላችሁ ልትጽፉ «34ባባ» የሚወጣው እንዲህ ስታደርጉ ነው።

1. ፓዱ ጠፍቶ እያለ ስሞቹን በሙሉ ጻፉ። ጨርሱ።
2. ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ የነጥቧን ቁልፍ ወደ አማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ይቀይራታል። ያኔ ብርና ሳንቲሙ ለኤክሴል ቁጥር መሆኑ ይቀራል።
3. ፓዱን አብሩ።
4. ቁጥር የሚገባበትን ቦታ በሙሉ በማውዝ ጎትታችሁ ምረጡ። ለምሳሌ ከቢ2 እስከ ዲ20።
5. የመጀመሪያውን ቁጥር በቀኝ እጅ ጻፉ፤ በግራ እጅ ታብ ተጫኑ። ቀጣዩን ጻፉ፤ ታብ። ዲ ላይ ስትደርሱ ኤክሴል ራሱ ወደሚቀጥለው ሰው መስመር ይወስዳችኋል።
6. ከተሳሳታችሁ ሺፍት ይዛችሁ ታብ ተጫኑ፤ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ቀስቶቹን አትንኩ፣ በማውዝም ሌላ ቦታ አትጫኑ። ምርጫው ይጠፋና ታቡ ከዲ አልፎ ወደ ኢ ይሄዳል።
7. ስትጨርሱ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። ኤክሴል እንደ ቁጥር የተቀበለው ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቀመጣል። ወደ ግራ የተጠጋ ካለ ውስጡ ፊደል ወይም ትክክል ያልሆነ ነጥብ ገብቷል። ድምር ላይ አይቆጠርም። ዳግም ጻፉት።
8. ፋይሉን ሴቭ አድርጉ። ፓዱን አጥፉ። ላፕቶፑን የምትዘጉት ከዚያ በኋላ ነው።

ስምንተኛዋን የሚዘል ሰው ጠዋት ፓስወርድ አልገባ ብሎት ይደውላል።

ለመምህራን አንድ ጥቅም፦ በፈተና ወረቀት ላይ የማባዣ ምልክት ለማስገባት አልትን ይዛችሁ 0215 ጻፉ፤ ለማካፈያ 0247፤ ለዲግሪ ምልክት 0176። ከላይኛው መስመር ባሉት ቁጥሮች አይሠራም፤ የግድ በፓዱ መሆን አለበት። ስለዚህ ፓዱን አብርታችሁ ለ0215 ኤም፣ ኬ፣ ጄ፣ አይ ትጫናላችሁ። አልትን የምትለቁት አራቱም ከተጫኑ በኋላ ነው።

ነገሩ ሲበላሽ

ፓስወርድ አልቀበልም ካለ። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ዊንዶውስ ሊቆልፍባችሁ ይችላል። ፓስወርዱ ሣጥን ጎን የዓይን ምልክት ካለ ተጫኑትና የጻፋችሁትን እዩ። በላቲን ፊደል «ኮምቦልቻ» ብላችሁ ስትጀምሩ 260 ከወጣ ምክንያቱ ታውቋል። ነም ሎክን አጥፉና እንደገና ጻፉ። የቁጥር ፒን የምትጠቀሙ ሰዎችም አታመልጡም፤ ፒናችሁ ውስጥ 0 ካለና ከላይኛው መስመር ከጻፋችሁት አይገባም።

የነም ሎክ ቁልፍ ተነቅሎ ወይም ውሃ ፈስሶበት አልሠራ ካለስ? መግቢያው ስክሪን ላይ ከታች በቀኝ ጥግ የአክሰሲቢሊቲ ምልክት አለ። እሱን ተጫኑና ኦን ስክሪን ኪቦርድን ክፈቱ። ፓስወርዱን በማውዝ እየነካችሁ ጻፉት። እዚያ የምትነኩት ፊደል ፓዱ ቢበራም ባይበራም ፊደል ሆኖ ይገባል። ከገባችሁ በኋላ ያንኑ ኪቦርድ በዊንዶውስ፣ ኮንትሮል እና ኦ ቁልፎች በአንድ ላይ ትከፍቱታላችሁ። ኦ አሁንም 6 እየሆነ እምቢ ካለ ከስታርት ሜኑ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ፈልጉት። ኦፕሽንስ ውስጥ የቁጥር ፓዱን እንዲያሳይ አድርጉና ነም ሎክን በማውዝ ንኩት። አብዛኛውን ጊዜ ፊደሎቹ ወዲያው ይመለሳሉ።

ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ፓዱ በርቶ ከመጣ። መግቢያው ስክሪን ላይ እያላችሁ ነም ሎክን አጥፉ፤ ሳትገቡ ከዚያው ሪስታርት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ሁኔታ ይይዘዋል። ካልያዘ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ ነው) ላፕቶፑ ሲነሳ ነም ሎክ ይብራ ወይ የሚል መስመር ካለ አጥፉት። ባዮስ ውስጥ ሌላ ነገር አትነካኩ።

ኤክሴል ላይ ቀስት ስትጫኑ ሣጥኑ ሳይሆን ገጹ በሙሉ ከተንቀሳቀሰ። ኤፍ ኤንን ሳትይዙ ነው የተጫናችሁት። ነም ሎክ ይበራል ብላችሁ ስክሮል ሎክን አበራችሁ። ያንኑ ቁልፍ በዚያው መንገድ አንዴ ድገሙት።

ፊደሎቹ ቁጥር ሳይሆን ጠቋሚውን ወዲህ ወዲያ ካዘዋወሩ። የቆየ ቶሺባ ከሆነ ኤፍ11 ብላችሁ ኤፍ10ን ነክታችኋል፤ እሱ የቀስት ፓድ ነው። ኤፍ ኤንን ይዛችሁ ኤፍ10ን ድገሙ።

ቁጥር ስትጫኑ የማውዙ ቀስት ከተንቀሳቀሰ። ማውዝ ኪስ የሚባለው በርቷል። የግራ አልትን፣ የግራ ሺፍትንና ነም ሎክን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ይጠፋል።

ለብቻው የቆመ ፓድ ያላችሁ፣ ቁጥር እምቢ ካለ። ነም ሎክ ጠፍቶ ነው። ሲጠፋ 8 እና 2 ወደ ላይና ወደ ታች ቀስት ይሆናሉ፣ 7 መስመር መጀመሪያ ይወስዳል። መጥፎዎቹ ሁለት ናቸው። ነጥቧ ዲሊት ትሆናለች፤ የጻፋችሁትን ታጠፋለች። 0 ኢንሰርት ይሆናል፤ በአንዳንድ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ የምትጽፉት የነበረውን እየበላ ይሄዳል። ቁጥር ካልወጣ እጃችሁን አንሱ፣ ኮንትሮልና ዜድ ተጭናችሁ መልሱ፣ ከዚያ ነም ሎክን አብሩ።

ምንም ቢደረግ ምንም ካልተለወጠ። ኤፍ ኤንን ብቻ ይዛችሁ ጄን ሞክሩ። በብዙ የቆዩ ሞዴሎች ኤፍ ኤን እስከተያዘ ድረስ ፓዱ ለጊዜው ይሠራል፤ ለአንድ ሁለት ቁጥር ይበቃል። ፓዱ በርቶ እያለ ደግሞ ኤፍ ኤንን መያዝ ፊደሉን ይመልሳል። ይህም ካልሠራ ላፕቶፓችሁ ሐ ዓይነት ነው።

ፓድ ለሌለው ላፕቶፕ

አንዳንድ የአሱስ ሞዴሎች ፓዱን ታችፓዱ ላይ አድርገውታል። በታችፓዱ የላይኛው ቀኝ ጥግ ትንሽ የካልኩሌተር መሰል ምልክት ካለ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጣታችሁን አሳርፉባት፤ ቁጥሮቹ ይበራሉ። ለማጥፋትም እንዲሁ።

ኦን ስክሪን ኪቦርዱ ለአንድ ሁለት ምልክት ይሆናል። ደመወዝ በሱ ልሙላ ያለ ሰው ግን ትዕግሥቱን እግዜር ይስጠው።

በየቀኑ ቁጥር የምታስገቡ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ፓድ ግዙ። የተደረበው ፓድ መብራት ሄዶ የዴስክቶፑ ሥራ ወደ ላፕቶፕ ሲዞር ቀን ያሳልፋል፤ የዓመት ሒሳብ የሚዘጋበት ግን አይደለም። ስትገዙ የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ እናንተ ጋ ሊያስቸግር ይችላል። ሰኩትና ነም ሎኩን አብሩ። ከ0 እስከ 9 ተጫኑ። ከዚያ የላፕቶፑ ኪቦርድ ላይ «ወሎ» ብላችሁ ጻፉ። ዊንዶውስ ነም ሎክን ለሁለቱም አንድ አድርጎ ስለሚይዝ፣ የተደረበ ፓድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ የውጪው ሲበራ ፊደሎቹ አብረው ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ። «ወ36» ከወጣ ባለሱቁን የራሱ ነም ሎክ ያለው፣ ላፕቶፑን የማይነካ ሌላ ፓድ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁ። ብሩን የምትቆጥሩት እሱን ሰክታችሁ «ወሎ» ሲወጣ ነው።